ዳገቱን የሸጠ መንገዱን ይክፈል



ከእኛ መካከል አራት ጓደኛሞች በእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። የኪራዩን ነገር ከጀመርነው ወረቀቱ አይበቃንምና ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ የምንናገረው ስለ መንገዱ ነው።

ባለፈው ክረምት በአንድ የነሐሴ ሌሊት አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ተጠራ፤ መጣም፤ ዳሩ ግን ከታች ከአስፋልቱ ጫፍ አላለፈም። ሾፌሩን አንወቅሰውም። አሸዋና ብረት የጫኑ መኪኖች ክረምት ከበጋ የሚያርሱት ዳገት በዚያ ሌሊት መንገድ መሆኑ ቀርቶ ወንዝ ሆኖ ነበር። ቃሬዛ የሚገኘው በእድሩ ዕቃ ቤት ብቻ ነው፤ እናቶች ግን «ሬሳ የተሸከመ ለሚወለድ ልጅ አይሆንም» ብለው ስለ ተቆጡ በብርድ ልብስ ይዘናት ወረድን። አንዱ በባትሪ ያበራል፤ አንዱ እየቀደመ በእግሩ የሚረገጥ ድንጋይ ይፈልጋል። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ እናቲቱም ደኅና ናት። ተመልሰን ስንወጣ ግን ቀና ብለን አየን። ከበላያችን የአዲሶቹ ቪላዎች መብራት እንደ ደመራ ይንቦገቦጋል። በአጥሩ ውስጥ የተነጠፈው አስፋልት በዝናብ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ከአጥሩ በር ወደ ታች ጭቃ ነው። ያን ሌሊት አንድ ጥያቄ ይዘን ተኛን። በዳገት ላይ ቤት ሠርቶ የሸጠ ሰው፥ ዳገቱ የሚወጣበትን መንገድ ለምን አይከፍልም?

መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር። በተራራ ጥግ አዲስ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ማንኛውም ኩባንያ፥ ቤቶቹ ለሚያስከትሉት የመንገድና የጎርፍ ቦይ ሥራ ድርሻውን አስቀድሞ እንዲከፍል በሕግ መወሰን አለበት። ክፍያው በልኩ የተሰፋ፥ በተለየ ሒሳብ የተቀመጠና ለዚያው መንገድ ብቻ የሚውል መሆን ይገባዋል። ከዚህ የበለጠ አንጠይቅም፤ ከዚህ ያነሰም አይበቃንም።

ተራራ እንደ ሜዳ አይደለም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ራስ ብርድ ትተው ወደ ፍል ውሃው ሲወርዱ ነው፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. ነበር። እነሆ ወደ መቶ አርባ ዓመት ሲጠጋ ከተማዋ ወደ ወረደችበት ዳገት ተመልሳ ትወጣለች። መውጣቷን አንቃወምም። ሕዝብ ሲበዛ ቤት ያስፈልጋል፤ ቤትም የሚሠራው መሬት በተገኘበት ነው። ነገር ግን ወደ ዳገት የሚወጣ ከተማ የዳገቱን ዋጋ ማወቅ አለበት። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የከተማዋ እምብርት ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ቀበናም ቀጨኔም ከዚያ ከፍታ ተነሥተው በከተማዋ መካከል ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ከላይ የተነካ ነገር ሁሉ ከታች ይሰማል።

በሜዳ ላይ መንገድ ማውጣት በአንጻሩ ቀላል ነው። በዳገት ላይ ግን አፈሩ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው እንዳይናድ የድጋፍ ግንብ ይቆማል፤ ውሃው መንገዱን እንዳይበላው በግራና በቀኝ ቦይ ይሠራል፤ ቦዩ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ቱቦ ይቀበራል፤ የእሳት አደጋ መኪና መውጣት እንዲችልም መንገዱ ሽቅብ ቀጥ ማለቱን ትቶ እየተጠማዘዘ መሄድ አለበት። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው እንደ ሆነ የተነጠፈው አስፋልት ሁለት ክረምት አይሻገርም።

የውሃውን ነገር ብቻ እንውሰድ። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ኩባንያ 200 ቤቶች ሠራ፤ የእያንዳንዱም ጣሪያና ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ 200 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚያ ሰፈር 1,200,000 ሊትር ውሃ ይነሣል። ቀድሞ ሣሩና አፈሩ ከፊሉን ይጠጣው ነበር፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን አይጠጣም። ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? ከቪላው በታች ወዳለው የጭቃ ቤት ይሄዳል። ባለ ቪላው ያየው ዝናብ ነው፤ የጭቃ ቤቷ እናት ያየችው ጎርፍ ነው።

ታዲያ ዛሬ የዚህን ሁሉ ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? እኛ የምንኖርበት ሰፈር መንገድ ኮብል ስቶን የለበሰው ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ነው። ሸማኔው አዋጥቷል፤ ጡረተኛው ወታደር አዋጥቷል፤ ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገው ባልቴትም አዋጥታለች። ገንዘብ ያጣ ድንጋይ ተሸክሟል። ያንን መንገድ ግንባታው በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት የጭነት መኪና ጎማ አወላልቆ ጣለው። አከራያችን አንድ ቀን ከቦታው የወለቀ ድንጋይ አንሥተው በእጃቸው መዘኑና «ይህ የእኔ ነው፤ የከፈልኩበት ደረሰኝ አለኝ» አሉን። ስቀን ነበር፤ ኋላ ግን አላሳቀንም።

ኩባንያው ሲጠየቅ «ከአጥሬ ውጪ ያለው የከተማው ነው» ይላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ «በዘንድሮው በጀት አልተያዘም» ይላል። ቤት ገዢው «መንገዱ በቅርቡ ይሠራል ተብዬ ነው የገዛሁት» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይደረግና ዕዳው ከታች በሚኖረው ድኻ ላይ ይወድቃል። መንግሥት መንገዱን ከጠቅላላው ካዝና ቢሠራው እንኳ ነገሩ አይታረምም፤ የአቃቂ ወዛደርና የመርካቶ ተሸካሚ ገብሮ የኩባንያውን ዳገት ያስተካክላል ማለት ነውና።

እዚህ ላይ ስለ መሬቱ አንድ ነገር እናስታውስ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተጉዘው ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በእነዚህ ነገሮች ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ ክርክሩን ዛሬ አንከፍተውም። አንድ ነገር ግን ከማንም ወገን ለቆመ ሰው ግልጽ ነው። መሬቱ የሕዝብ ከሆነ፥ መንገዱንም ሕዝብ ከሠራው፥ መንገዱ በመውጣቱ የመጣው የዋጋ ጭማሪ በምን ሕግ የአንድ ኩባንያ ብቻ ይሆናል? ትናንት መንገድ ያልነበረው ገደል ዛሬ መንገድ ሲደርሰው ዋጋው እጥፍ ድርብ የሚሆነው ኩባንያው ድንጋዩን በወርቅ ስለ ለወጠው አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ ስለ ደረሰው ነው።

ይህን ያሰብን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣችው ሕግ የሕዝብ ሥራ የመሬቱን ዋጋ ከፍ ያደረገለት ሰው ከወጪው ድርሻውን እንዲከፍል አድርጋለች፤ በተራሮች መካከል የተሠራችው ሜዴሊንም ብዙ ጎዳናዎቿን ያወጣችው በዚህ ዘዴ ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱ ለሚያመጣው የመንገድ ጫና ክፍያ መክፈሉ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የካሊፎርንያ ሕግ የተሰበሰበው ገንዘብ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥና በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲገለጥ ያዛል። አምስት ዓመት ሳይሠራበት የቆየ ገንዘብ እንደ ሆነም፥ ባለሥልጣኑ ለምን እንዳቆየው በማስረጃ ማስረዳት አለበት፤ ካላስረዳ ገንዘቡን ይመልሳል። ይህን ሁለተኛውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ድርሻው እንዴት ይለካ? በእኛ አሳብ ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፥ የድሮው ጉድለት ከአዲሱ ጫና ይለይ። ኩባንያው ከመምጣቱ በፊት መንገዱ ተበላሽቶ ከነበረ ያንን መጠገን የከተማው ግዴታ ነው፤ የትናንትን ዕዳ በዛሬ መጤ ላይ መጫን ግፍ ነው። ሁለተኛ፥ የጋራው ወጪ በቁጥር ይከፈል። በአንድ መንገድ 400 የቆዩ ቤቶችና 200 አዲስ ቤቶች ቢጠቀሙ፥ ለሁሉም ከሚያስፈልገው ሥራ የአዲሶቹ ድርሻ ሢሶው ነው። ለአዲሶቹ ቤቶች ሲባል ብቻ የሚሠራ ማስፊያ፥ የድጋፍ ግንብ ወይም የጎርፍ ቦይ ካለ ግን ሙሉ ወጪው የእነሱ ነው። ሦስተኛ፥ ክፍያው የግንባታው ፈቃድ ሲሰጥ ይጀመር፤ ቤቱ ለገዢው ከመተላለፉ በፊትም ይጠናቀቅ። ቤቱ ተሸጦ፥ ማስታወቂያው ተነቅሎ፥ ባለ ኩባንያው ወደ ሌላ ዳገት ከተሻገረ በኋላ መንገድ መጠየቅ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። ሳንሰማቸው አልቀረንም፤ ከመካከላቸውም የምናከብራቸው መምህራን አሉ።

«ኩባንያው የሊዝ ዋጋ ከፍሏል፤ ሁለት ጊዜ አታስከፍሉት» የሚሉ አሉ። ሊዝ በመሬቱ የመጠቀም ዋጋ ነው። የሚቆጠረውም በካሬ ሜትር ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውን መኪናና ወደ ታች የሚወርደውን ጎርፍ አይቆጥርም። ሆኖም አንድ ኩባንያ ከከፈለው የሊዝ ገንዘብ ይህን ያህሉ ለዚህ መንገድ ተብሎ የተመደበ መሆኑን በወረቀት ካሳየ ይቀነስለት። እኛ የምንፈልገው ፍትሕ ነው፤ ሁለት ጊዜ መላጨት አይደለም።

«በጥር 2017 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የንብረት ታክስ ይበቃል» የሚሉም አሉ። የንብረት ታክስ በየዓመቱ የሚከፈል ነው፤ የተሠራ መንገድን ለመጠበቅ ጥሩ ነው። ነገር ግን ገና ያልተሠራ የድጋፍ ግንብ በየዓመቱ በሚጠራቀም ጥቂት ገንዘብ አይቆምም። ጎርፉ የበጀት ዓመት አይጠብቅም። ደግሞም ታክሱን የሚከፍለው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው፤ በሽያጩ አትርፎ የሄደው ግን ከሒሳቡ ውጪ ይቀራል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ «ኩባንያው ያንኑ ክፍያ በቤቱ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ በመጨረሻ የሚጎዳው ገዢው ነው፤ ቤትም ይወደዳል» የሚለው ነው። ይህን አናቃልለውም። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ኩባንያው ወጪው በወጣ ጊዜ ብቻ ዋጋ የሚጨምር፥ ወጪው በቀነሰ ጊዜ ደግሞ የሚቀንስ የዋህ ነጋዴ ነውን? ኩባንያው ዛሬም ቤቱን የሚሸጠው ገበያው በቻለው ዋጋ ነው። ክፍያው አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ በጨረታ ላይ ለመሬቱ የሚሰጠውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይሰጣልና ሸክሙ ሁሉ በገዢው ጫንቃ ላይ አይወድቅም። ገዢው ጥቂት ቢጨምር እንኳ መንገድ ያለው ቤት ይገዛል፤ ዛሬ ግን ዋጋ ከፍሎ ተስፋ ይገዛል። በዚያ ላይ ለአነስተኛ ገቢ ሕዝብ የሚሠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ገንዘባቸውን አጠራቅመው ለራሳቸው መኖሪያ የሚሠሩ የቤት ማኅበራት ከዚህ ክፍያ ነጻ ይሁኑ፤ ወይም ድርሻቸውን ከተማው ይሸፈንላቸው። ጥያቄያችን ጎጆ ለምትቀልስ መበለት የታሰበ ቀንበር አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ተማሪው ሁሉ በልቡ የሚለው ነው። «ገንዘቡ ቢሰበሰብስ ማን መንገድ ሊሠራበት? ይበላል እንጂ!» «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር ይህ ጥርጣሬ ከንቱ አይደለም። እኛም እንጠረጥራለን። ስለዚህ ነው ከካሊፎርንያው ሕግ ሁለተኛውን ነገር ያዙልን ያልነው። የተለየ ሒሳብ ይከፈት። ከአንዱ ዳገት የተሰበሰበው ለዚያው ዳገት ይዋል እንጂ ለመሥሪያ ቤት መኪናና ለስብሰባ አበል አይዙር። በየዓመቱ ምን ያህል እንደ ገባና ምን ያህል እንደ ወጣ በወረዳው ግድግዳ ላይ በትልቁ ይለጠፍ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሥራው ካልተጀመረ ገንዘቡ ከነወለዱ ለከፋዩ ይመለስ። እንዲህ የታሰረ ገንዘብ ከጠቅላላው ካዝና ገንዘብ ይልቅ ለመስረቅ ያስቸግራል፤ ባለቤቶቹ ሦስት ናቸውና። ከፋዩ ኩባንያ ይጠይቃል፤ ቤት ገዢው ይጠይቃል፤ የታችኛው ሰፈርተኛም ይጠይቃል።

መንግሥትም ቢሆን ልክ አለው። በዚያው በካሊፎርንያ፥ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ምዕራባዊ ዳገት ላይ ኤል ዶራዶ የሚባል አውራጃ አለ። አንድ ነዋሪ በገዛ ቦታው ላይ አንዲት ተገጣጣሚ ቤት ለማቆም ፈቃድ ቢጠይቅ 23,420 ዶላር የመንገድ ክፍያ ተጠየቀ። ክፍያው የወጣው በአካባቢውና በግንባታው ዓይነት ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነበር፤ የእሱ አንዲት ቤት በመንገዱ ላይ ምን ያህል ጫና እንደምታመጣ ለይቶ የመዘነ አልነበረም። ሰውየው እየተቃወመ ከፈለና ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ፥ እንዲህ ያለ ክፍያ በምክር ቤት ስለ ወጣ ብቻ ከሕገ መንግሥታዊ ምርመራ አያመልጥም ሲሉ ወሰኑ። ክፍያውን አልሻሩትም፤ ልኩ ይመርመር ብለው ጉዳዩን ወደ ታች መለሱት እንጂ።

አንዳንድ ባለ ኩባንያዎች ይህን ፍርድ ሰምተው ደስ ሊላቸው ይችላል። እኛም ደስ ብሎናል። ፍርዱ ለእኛ የሚያስተምረው ክፍያ መጠየቅ ክፉ መሆኑን አይደለም፤ ክፍያ የሚጠይቅ መንግሥት በእጁ ሚዛን መያዝ እንዳለበት ነው። በአንድ ተገጣጣሚ ቤትና በ200 ቪላ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ሕግ ድኻውን ይቆነጥጣል፤ ባለጸጋውንም ያሾልካል። ሚዛኑ ካለ ግን ኩባንያው «ግፍ ተሠራብኝ» የሚልበት አፍ፥ ባለሥልጣኑም በምልጃ የሚቀንስበት እጅ አይኖረውም።

ታዲያ ሚዛኑን የሚሠራው ማን ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛው ይመለሳል። የአምስት ኪሎ የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ! የመንገድ ቁልቁለት በመሣሪያ መለካት ለፈተና ብቻ የምትማሩት ነገር ነውን? አንድ ቅዳሜ ወጥታችሁ አንዱን ዳገት ብትለኩት፥ የድጋፍ ግንቡንና የቦዩን ወጪ ብትገምቱት የማን እጅ ይያዛል? የሕግ ተማሪዎች ሆይ! ለደንቡ የሚሆን ረቂቅ ብትጽፉ፥ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችም የቤቱ ዋጋ በምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ብታጠኑ፥ ለከተማው ምክር ቤት የምናቀርበው ጩኸት ሳይሆን ሰነድ ይሆናል። መምህራኖቻችንም የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትሰጡን ስለ ሩቅ አገር መንገድ ብቻ ሳይሆን ከግቢያችን በር በላይ ስላለው ዳገትም እንድንጽፍ ፍቀዱልን።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ራሳችን እንናዘዝ። ነገ ከእኛ መካከል የኩባንያ መሐንዲስ የሚሆን አለ፤ ፈቃድ የሚፈርም ሹም የሚሆን አለ፤ እድል ከቀናውም ከዳገቱ ላይ ቪላ የሚገዛ አለ። ያን ጊዜ ከበረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲመለከት ከተማዋ ከእግሩ ሥር ተዘርግታ ያያታል። የሚያየው መብራቱን ብቻ እንዳይሆን እንለምነዋለን። ከመብራቱ በታች በነሐሴ ሌሊት፥ በጭቃ ውስጥ፥ በብርድ ልብስ የተያዘች ሴት አለች። ልጇ አሁን ድኾ መሄድ ጀምሯል። ነገ ተነሥቶ በእግሩ ሲቆም የሚረግጠው መንገድ ይኑረው።